የምናያቸው ምስሎች የገዛ ቆዳችንን እንድንጠላ የሚያደርጉን እንዴት ነው?

ኬንያዊቷ ተዋናይት ሉፒታ ኒዮንጎ ልጅ ሳለች ማታ ማታ ወደ ፈጣሪዋ የምታቀርበው አንድ ልመና ነበራት፤ ሲነጋ የቆዳዋ ቀለም ፈክቶ እንዲጠብቃት። ጠዋት ስትነሣ ወደ ገላዋ ላለመመልከት እየተጠነቀቀች በቀጥታ ወደ መስታወት ትሄዳለች፤ አዲሱን ፊቷን ቀድማ ማየት ትፈልጋለችና። መስታወቱ የሚያሳያት ግን የትናንቱን ፊት ነበር። ልመናዋ ይሰማላት ዘንድ ስኳር መስረቅ ለማቆምና የእናቷን ቃል ሁሉ ለመስማት ለፈጣሪዋ ቃል እስከ መግባት ደርሳ ነበር።

ሉፒታ ይህን የተናገረችው በአውሮፓውያኑ 2014 በሆሊውድ ለሚሠሩ ጥቁር ሴቶች በተዘጋጀ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። ከቀናት በኋላም የኦስካር ሽልማት ተቀበለች። በንግግሯ አንዲት ወጣት የጻፈችላትን ደብዳቤ ጠቅሳ ነበር። ወጣቷ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ልትገዛ በተቃረበችበት ሰዓት ሉፒታን በማየቷ ሐሳቧን እንደቀየረች ገልጻላታለች።

ሉፒታ ራሷም በልጅነቷ ከዚያ ስሜት የወጣችው በሌላ ሴት ምስል ነበር። ቴሌቪዥን ስትከፍት የምታየው ነጣ ያለ ቆዳ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሆነው ምድር በዋው ከተማ የተወለደችው አሌክ ዌክ በዓለም የፋሽን መድረክ ላይ ብቅ አለች። ጦርነት ሸሽታ ለንደን የገባችው አሌክ በ1997 ‘ኤል’ በተሰኘው መጽሔት የአሜሪካ እትም ሽፋን ላይ ወጣች። ቆዳዋ እንደ ሌሊት የጠቆረ ሴት በዓለም ፊት ቆንጆ ስትባል ማየት ለሉፒታ ለማመን የሚከብድ ነገር ነበር።

ከዋው የተነሣችው ሴት ናይሮቢ ላለችው ልጅ፣ የናይሮቢዋ ልጅ ደግሞ ክሬም ልትገዛ ለነበረችው ወጣት ደረሰች። ቁስሉም ፈውሱም የመጡት በአንድ መንገድ፣ በምስል በኩል ነው። ለመሆኑ ምስል ይህን ያህል ኃይል ከየት አገኘ? በምሥራቅ አፍሪካስ የሚያስከፍለው ዋጋ ምንድን ነው?

ራስን ከሌላው ጋር ማነጻጸር

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚለኩበት ተጨባጭ መስፈሪያ ሲያጡ ራሳቸውን ከሌሎች ጋር በማነጻጸር ይለካሉ ብሏል። ቁመት በሜትር፣ ክብደት በኪሎ ይለካል። ለቁንጅና ግን ሚዛን የለውም፤ ስለዚህ ዓይን ወደ ሌላው ሰው ይዞራል።

ቀድሞ ይህ ማነጻጸር ከጎረቤት፣ ከዘመድና ከትምህርት ቤት ጓደኛ ጋር የሚደረግ ነበር። ጎረቤት ደግሞ ጠዋት ሳትታጠብም፣ ታማም፣ ደክሟትም ትታያለች። የመጽሔትና የቴሌቪዥን ምስል ግን ከብዙ ሰው መካከል ተመርጦ፣ በባለሙያ ተውቦ፣ በመብራት ተስተካክሎና ታርሞ የሚቀርብ ነው። ተመልካቹ የሚያየው ውጤቱን ብቻ በመሆኑ ራሱን ከሰው ጋር ያነጻጸረ ይመስለዋል እንጂ ከተሠራ ሥራ ጋር እየተፎካከረ መሆኑን አያስተውልም።

የምስልን ኃይል በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው ከእኛ እጅግ ርቆ በፊጂ ደሴቶች ነው። በዚያ ማኅበረሰብ ሞላ ያለ ሰውነት የጤናና በወገን የመወደድ ምልክት ሆኖ ኖሯል። ናድሮጋ በተባለው አውራጃ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 ነበር። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ አን ቤከርና ባልደረቦቻቸው በዚያው ዓመትና ከሦስት ዓመት በኋላ የአካባቢውን ልጃገረዶች ጠይቀው ነበር። በ1995 ክብደት ለመቆጣጠር ብላ ራሷን የምታስመልስ አንዲትም ልጅ አላገኙም። በ1998 ግን 11.3 በመቶ የሚሆኑት ይህን እንደሚያደርጉ ተናገሩ። ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ ችግር ምልክት የታየባቸው ልጃገረዶች ቁጥርም ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ከፍ አለ።

ጥናቱ ለለውጡ ሁሉ ተጠያቂው ቴሌቪዥን ብቻ ነው አላለም፤ በሁለቱ ዓመታት የተጠየቁት ልጃገረዶችም የተለያዩ ናቸው። ሆኖም ለዘመናት የቆየ የውበት ሚዛን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊዛባ እንደሚችል አሳይቷል።

በምሥራቅ አፍሪካም የውበት ሚዛን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሱዳን ለምሳሌ አንዳንድ ሴቶች ለመክሳት ሳይሆን ለመወፈር ሲሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒን እንደሚወስዱ የአገሪቱ ሐኪሞች ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። በቀጣናው ብዙ አገሮች ድንበር ሳይለይ የሚታየው ጫና ግን የቆዳ ቀለም ነው።

ከመጽሔት ማስታወቂያ እስከ ስልክ ፊልተር

ቆዳን የማንጣት ፍላጎት በማኅበራዊ ሚዲያ አልተጀመረም። ሥሩ ሰውን በቆዳ ቀለም ደረጃ ባወጡት የባርነት፣ የቅኝ አገዛዝና የዘር መድልዎ ሥርዓቶች ውስጥ ነው። ቀለሙ ፈካ ያለው ሰው የተሻለ ሥራና የተሻለ መስተንግዶ በሚያገኝበት አገር የቆዳ ቀለም ሀብት ሆነ። ነጋዴዎች ይህን ሀብት በብልቃጥ አሽገው መሸጥ ጀመሩ፤ ማስታወቂያውም ፈካ ያለ ቆዳን ከዘመናዊነት፣ ከሥራ ዕድገትና ከፍቅር ጋር እያጣመረ በአፍሪካ በሚነበቡ መጽሔቶች ላይ ወጣ።

ደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሥርዓት በመፍረስ ላይ በነበረበት በ1990 በመዋቢያዎች ውስጥ ሃይድሮኪኖን የተባለውን ኬሚካል ስታግድ፣ ምርቶች ቆዳ ያነጣሉ ተብለው እንዳይተዋወቁም ከልክላለች። ሕግ አውጪዎቹ ክሬሙን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ማገዳቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ክሬሙ ቆዳን ከመንካቱ በፊት፣ “የአንቺ ቆዳ መታረም አለበት” የሚለው መልእክት ጆሮ ሲደርስ ነውና።

ከዚያ ወዲህ የማስታወቂያው ቋንቋ ለዝቧል። “ማንጣት” የሚለው ቃል “ማጥራት”፣ “ማፍካት” እና “ማብራት” በሚሉ ቃላት ተተካ። በ2020 የጥቁር ሕይወት ዋጋ አለው የተሰኘው ንቅናቄ ዓለምን ባዳረሰበት ወቅት ዩኒሊቨር የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በእስያ በስፋት የሚሸጠውን ‘ፌር ኤንድ ላቭሊ’ የተሰኘ ክሬም ስም ‘ግሎው ኤንድ ላቭሊ’ ወደሚል ቀይሮታል።

ዘመናዊው ስልክ ደግሞ አንድ ትልቅ ለውጥ አመጣ። ቀድሞ ተመልካቿ ራሷን የምታነጻጽረው ከሌላ ሴት ምስል ጋር ነበር፤ አሁን የምታነጻጽረው ከተስተካከለው የገዛ ፊቷ ጋር ነው። ፊልተሩ አፍንጫን ያቀጥናል፣ ጉንጭን ያሳሳል፣ ቆዳን ያፈካል። ፎቶው ሲለጠፍ አድናቆት ይጎርፋል፤ ስልኩ ሲዘጋ ግን መስታወት ላይ የሚጠብቀው ሌላ ፊት ነው።

ፊልተሮቹ የማንን መልክ ውብ እንደሚሉ በ2017 የደረሰ አንድ አጋጣሚ አጋልጦታል። ‘ፌስአፕ’ የተሰኘው መተግበሪያ ተጠቃሚዎችን ይበልጥ ማራኪ ያደርጋል የተባለ አገልግሎት ነበረው፤ ጥቁር ሰዎች ሲጠቀሙበት ግን ቆዳቸውን አነጣው። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ችግሩ የመጣው ሥርዓቱ ከሠለጠነባቸው ፎቶዎች አድሏዊነት መሆኑን አስታውቋል። ሰው ለዘመናት ያከማቸው አድልዎ ወደ ማሽኑ ገብቶ፣ ከማሽኑ ተመልሶ ወደ ሰው መጣ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የብሪታንያው ‘ግራዚያ’ መጽሔት ሉፒታን በሽፋኑ ላይ ሲያወጣ፣ ወደ ኋላ የታሰረው ከርዳዳ ፀጉሯ ተቆርጦና ተለስልሶ ታትሟል። ተዋናይቷ ቅሬታዋን በአደባባይ ገለጸች፤ መጽሔቱም ፎቶ አንሺውም ይቅርታ ጠየቁ። በዓለም የታወቀች የኦስካር ተሸላሚ እንኳ ከአርትዖት ካላመለጠች፣ የማይታወቁት ሴቶች ምስል ምን ያህል ጊዜ ሳይነገር እንደሚታረም መገመት አይከብድም።

ማኅበራዊ ሚዲያ ለራስ በሚሰጥ ግምት ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ አሁንም የሚያከራክር ነው። በ2021 የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ይፋ ባደረገቻቸው የኩባንያው ሰነዶች መሠረት፣ ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ከተሰማቸው ልጃገረዶች መካከል 32 በመቶ የሚሆኑት ኢንስታግራም ስሜታቸውን እንዳባሰባቸው ተናግረዋል። ኩባንያው በበኩሉ ሰነዱ ከአውዱ ውጪ እንደተተረጎመ፣ በሌሎች ጉዳዮች ረገድ መድረኩ ረድቶናል ያሉ ወጣቶች ብዙ እንደሆኑ ገልጿል። ሁለቱም አባባሎች በአንድነት እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ጓደኛ የሚገኝበት መድረክ ራስን መጥላት የሚለመድበት መድረክም ሊሆን ይችላልና።

በብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ከምስሉ እስከ ኮስሞቲክስ መደብሩ ያለው መንገድ አጭር ነው። ብዙ ሴቶች ክሬም መቀባት የሚጀምሩት ማድያት ወይም ብጉር የተወውን ጥቁር ነጥብ ለማጥፋት ብቻ አስበው ነው። ፊት ሲፈካ አንገት ጠቁሮ ይታያል፤ አንገት ሲቀባ እጅ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ለአንድ ነጥብ የተገዛው ክሬም የመላ ሰውነት ቅባት ይሆናል።

የቆዳን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሜላኒን ቆዳን ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ጋሻም ነው። ቆዳ የሚያነጡ ብዙ ክሬሞች ሰውነት ይህን ንጥረ ነገር እንዳያመርት ያግዱታል። በዋናነት የሚጠቀሱት ሦስት ኬሚካሎች ናቸው።

የመጀመሪያው ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴት ስትቀባው ለፅንሱ ይተርፋል፤ በፎጣና በአልጋ ልብስ በኩልም ክሬሙን ተቀብተው የማያውቁ ሕፃናትን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ሲሆን፣ በሐኪም ክትትል ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ቆዳን ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ጥቁር ቀለም ሊያበላሸው ይችላል፤ ይህም በቀላሉ አይለቅም። ለመንጣት የተገዛው ክሬም የሚያጠቁር ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ሦስተኛው ስቴሮይድ ነው። ለቆዳ በሽታ ማከሚያ የተሠራው ይህ መድኃኒት ለማንጫነት ሲውል ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረርና ብጉር ያወጣል፣ ቁስልም ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ክሬሙ በድንገት ሲቆም ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያብጣል። ተጠቃሚዋ ያለ ክሬሙ መኖር የማትችል ስለሚመስላት ተመልሳ ትቀባዋለች። ከዚህ አዙሪት መውጣት ብዙውን ጊዜ የቆዳ ሐኪም እርዳታ ይጠይቃል።

ሕግ የቱን ያህል ይጓዛል?

ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ዑጋንዳና ሩዋንዳ ሃይድሮኪኖንና ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች እንዳይሸጡ ከልክለዋል። ሩዋንዳ በ2018 መጨረሻ ፖሊስንና የደረጃ ተቆጣጣሪዎችን አሰማርታ ከየመደብሩ ክሬሞችን ስትሰበስብ፣ ፕሬዝዳንት ፖል ካጋሜ በትዊተር ገጻቸው እርምጃውን ደግፈው ነበር። በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ሚናማታ የተሰኘው የሜርኩሪ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው፣ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች እስከ 2025 ድረስ ከምርትና ከንግድ ሙሉ በሙሉ እንዲወጡ ተስማምተዋል።

እገዳው ክሬሞቹን ከገበያ አላጠፋቸውም። በድንበር በኩል በድብቅ ይገባሉ፤ በማኅበራዊ ሚዲያም ይሸጣሉ። ፍላጎቱ እስካለ ድረስ ሻጩ መንገድ አያጣም።

ታሪክም አንድ ማስጠንቀቂያ ትቶልናል። በ1968 የታንዛኒያ ገዥ ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ ‘ኦፕሬሽን ቪጃና’ የተሰኘ ዘመቻ አውጆ ነበር። ሚኒስከርት፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር፣ ጠባብ ሱሪና ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞች የአገርን ባህል የሚያዋርዱ ተብለው በአንድነት ተወገዙ። ዘመቻው የክሬሙን አምራች ትቶ በዳሬሰላም ጎዳናዎች የሚያልፉ ሴቶችን ማዋከብ ሆነ። አንዱ ወገን ሴቲቱን “ካልነጣሽ አታምሪም” ሲላት፣ ሌላው “ከነጣሽ ከሃዲ ነሽ” ይላታል። ሁለቱም ገላዋን የሌላ ሰው ጉዳይ አድርገውታል። ዛሬም የተጎዳ ፊት ያላትን ሴት በማኅበራዊ ሚዲያ መሳለቂያ ማድረግ ቁስሉን ከማስፋት በቀር የሚያተርፈው የለም።

ሳናስተውል የምንናገረው

ምስሎች ሥር የሚሰዱት የተመቸ አፈር ሲያገኙ ነው፤ ያ አፈር ደግሞ የዕለት ተዕለት ንግግራችን ነው። አማርኛችን ለቆዳ ቀለም ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ብዙ ስም አውጥቷል። ጠይም መልክ በዘፈን ሲወደስ ኖሯል። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ያላየነውን ሰው ስናገኝ የምንለውን እናስታውስ። ደክሞት ወይም ታሞ ከሆነ “ምነው ከሳሽ? ምነው ጠቆርሽ?” እንላለን። ተመችቶት ከሆነ ደግሞ “ቀልተሻል፣ አምሮብሻል” እንላለን፤ በተለይ ከውጭ አገር ለተመለሰ ሰው።

ይህን የምንለው በክፋት ሳይሆን በፍቅር ነው። ነገር ግን መጥቆርን ከመከራ፣ መቅላትን ከምቾት ጋር አጣምረን መናገራችንን የምትሰማ ልጅ አለች። አራስ ቤት ገብተን “ቀለሟ ማንን ወጣ?” ስንል፣ ከእህትማማቾች አንዷን “ቀይዋ” እያልን ስናሞግስ ሌላዋ ትሰማለች። በስልኳ ላይ ያለው ፊልተር በኋላ የሚነግራት ይህንኑ በቤቷ የሰማችውን ነው።

ምን ይበጃል?

ጥቂት አገሮች ሸክሙን ከተመልካች ወደ አሳታሚ ማዛወር ጀምረዋል። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ የሞዴሎች ሰውነት የተስተካከለባቸው የንግድ ፎቶዎች ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖራቸው አዝዛለች። ኖርዌይም በ2022 ተመሳሳይ ሕግ በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያዎች ላይ ጭምር ተግባራዊ አድርጋለች። ማሳወቂያ ብቻውን ስሜትን አይለውጥም፤ ቢያንስ ግን የታየው ነገር የተሠራ መሆኑን ይናገራል።

የአጠቃቀም መጠንን መቀነስም ይረዳል። በካናዳ ተካሂዶ በ2023 የታተመ ጥናት የጭንቀት ወይም የድባቴ ምልክት ያለባቸውን ወጣቶች አሳትፎ ነበር። ለሦስት ሳምንታት የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀማቸውን በቀን ወደ አንድ ሰዓት ያህል የቀነሱት ወጣቶች፣ ካልቀነሱት ይልቅ ስለ መልካቸውና ስለ ክብደታቸው የተሻለ ስሜት ተሰምቷቸዋል።

ከሰዓቱ ባልተናነሰ የሚታየው ነገር ዓይነትም ወሳኝ ነው። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር አንድ ፎቶ አንሥተው በፊልተር ሲለወጥ አብረው ቢመለከቱ፣ ከረጅም ምክር ይልቅ ብዙ ያስተምራል። የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎችም ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ፤ በየማስታወቂያው፣ በየቪዲዮ ክሊፑና በየድራማው ተወዳጇን ሆና የምትታየው የትኛዋ ሴት ናት?

ክሬም በመጠቀም ላይ ላሉት ደግሞ የመጀመሪያው ነገር ማፈር ሳይሆን መታከም ነው። ስቴሮይድ ያለበትን ክሬም በድንገት ከማቋረጥ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባል። በመለያ ጽሑፉ ላይ ይዘቱ ያልተገለጸ፣ ወይም ከወርቅና ከብር ጌጣጌጥ ጋር እንዳይነካካ የሚያስጠነቅቅ ክሬም ሜርኩሪ ሊኖርበት ስለሚችል ባይቀቡት ይመረጣል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ሉፒታ በዚያ ንግግሯ እናቷ በልጅነቷ ይነግሯት የነበረውን ነገር አንሥታለች፤ ቁንጅና ተበልቶ ሆድ አይሞላም የሚል ነበር። ያኔ ቃሉ አልገባትም። ኋላ ግን ሰውን የሚያቆመው ለራሱና ለሌሎች ያለው ርኅራኄ መሆኑን እንደተረዳች ተናግራለች። በ2019 ‘ሱልዌ’ የተሰኘ የሕፃናት መጽሐፍ አሳትማለች፤ ቃሉ በሉኦ ቋንቋ ኮከብ ማለት ነው። የመጽሐፉ ባለ ታሪክ ቀለሟ እንደ እኩለ ሌሊት የጠቆረ ልጅ ናት። በሉፒታ የልጅነት ቴሌቪዥን ውስጥ ያልነበረችው ልጅ አሁን በሕፃናት እጅ ባለ ገጽ ላይ ትታያለች።